መጀመሪያ ደብተሩ ይገለጥ፣ መሳሳሙ ይደርሳል፦ የስራ ግሩፕ ውስጥ ጠብ ሲነሳ ምን ይደረጋል

ፍኖተ ሰላም ላይ ስድስት ሁነን የብረታ ብረት ስራ ጀምረን ነበር፣ በር፣ መስኮት፣ አጥር ምናምን የምንሰራ፣ ሼድ ተሰጥቶን፣ ብድር በቡድን ዋስትና ወስደን። የከተማችን ስም ሲተረጎም የሰላም መንገድ ማለት ነው፣ እኛ ግን በሁለተኛው አመት በያጃችንና ሂሳብ ያዣችን እንዴት አደርክ መባባል እንኳ ትተው አረፉት። ሽማግሌ ጠራን። ሶስት የተከበሩ አባቶች መጡ፣ ሁለቱንም ገሰጹ፣ አንተም ተው አንተም ተው ለእግዚአብሔር ብላችሁ አሉ፣ ተሳሳሙ፣ ጠላ ተቀዳ፣ ሁላችንም ደስ ብሎን ወደየቤታችን ገባን። ሶስት ሳምንት ሳይሞላ በያጁ ግራይንደሩን፣ ብረት መቁረጫ ማሽኑን ማለት ነው፣ ይዞ ቀረ፣ ሂሳብ ያዡ ደግሞ ማህተሙን ይዞ ቀረ። የነሱ የብድር ድርሻ እኛ አራታችን ላይ ወደቀ፣ ከፍለን እስክንጨርስ አበሳችንን አየን።

አባቶቹን እየወቀስኩ አይደለም፣ የተጠሩበትን ሰርተው ሄደዋል። ጥፋቱ የኛ ነው፣ ምክንያቱም በዚያ ሁሉ ሰአት ውስጥ ደብተሩን የገለጠ አንድ ሰው አልነበረም። ጠቡ የመጣው ከአንድ ደንበኛ ቀብድ ነው። ደንበኛው ቀብዱን ለበያጁ በእጁ ሰጠው፣ በያጁ ሙሉውን አስረክቤያለሁ ይላል፣ ሂሳብ ያዡ ጎድሎ ነው የደረሰኝ ይላል፣ እና ይሄ ሳይጣራ ነው ያሳሳምናቸው። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት የሚባለው ለኛ የተተረተ ነው የሚመስለው።

ከዚያ ወዲህ በራሳችን ግሩፕም፣ ጓደኞች ጋርም እየተጠራሁ ጠብ መሃል ብዙ ገብቻለሁ፣ ያበላሸሁትም አለ። አሁን የምከተለው ቅደም ተከተል ይሄ ነው፣ አምስት ሰው ለሆነ ማህበርም፣ ቢሮ ውስጥ ላለ ቡድንም ይሰራል፣ እንደየቤታችሁ እያስተካከላችሁ ተጠቀሙበት።

1ኛ፦ ጠቡ የት ደርሷል?

እኛ አገር ሰው ባንዴ ተነስቶ አይጣላም። መጀመሪያ ቅር ይለዋል። ቅር ብሎት የጠየቀው ከሌለ ይቀየማል፣ ሲቀየም ያኮርፋል፣ ኩርፊያው ካልታየለት አሽሙር ይጀምራል፣ አሽሙሩም ካልሰራ ያኔ ነው ጠቡ የሚፈነዳው፣ ከጠቡ በኋላ ደግሞ ቂም አለ። ሁሉም የየራሱ መድሃኒት አለው፣ ቅር ላለው ሰው ሽማግሌ ከሰበሰባችሁ ነገሩን አገዘፋችሁት፣ ቂም ለያዘ ሰው ደግሞ "ባክህ እርሳው" ካላችሁት ቤንዚን ጨመራችሁበት።

ቅር ያለው ሰው አምስት ደቂቃ ነው የሚፈልገው። በማግስቱ ጠጋ ብሎ "ትላንት ፊትህ ልክ አልነበረም፣ ያልኩህ ነገር ቅር አሰኘህ እንዴ?" ማለት ነው፣ አለቀ። አብዛኛው የስራ ቦታ ጠብ እዚችጋ ባለመጠየቅ የሚያድግ ነው። ይሉኝታ ይይዘናል፣ "እኔ ምን አገባኝ"፣ "ራሱ ይንገረኝ" እንላለን።

ኩርፊያን ለማወቅ ብዙ ብልሃት አያስፈልግም። ምሳ ለብቻው ከበላ፣ ለሁሉም ነገር "እሺ" ብቻ ከሆነ መልሱ፣ አጠገቡ ላለ ሰው በሶስተኛ ሰው በኩል "ንገረው" ካለ፣ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንብቦ ዝም ካለ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ድሮ አንተ ይልህ የነበረ ሰው ድንገት እርስዎ ካለህ በቃ ነገር አለ።

አሽሙር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጎጃም ነን። ዋሸራ፣ ዲማ፣ ጎንጅ የቅኔ አገር ነው እና ቅኔ ቤት ያልገባው ሰው እንኳ ሲናደድ ባለቅኔ ይሆናል። የኛ በያጅ አንድ ሰሞን ብረት እየቆረጠ፣ ፊቱን ወደ ብረቱ አድርጎ፣ "ይሄ ዲስክስ ቢያልቅም ስራ ሰርቶ ነው፣ ቁጭ ብሎ ከሚያልቅ ይሻላል" ይል ነበር። እኛ ስለ ዲስክ መስሎን የዲስክ ወጪ እንቀንስ ብለን ስብሰባ ጠራን! ሳቁብን ግን እውነቴን ነው። ሰሙ ዲስክ ነው፣ ወርቁ "እኔ ፀሃይና ብልጭታ ላይ ውዬ፣ ወንበር ላይ የዋለው ሰው እንዴት እኩል ይወስዳል" ነው። አሽሙር ስትሰሙ ቃሉን ትታችሁ ማን ፊት፣ መቼ፣ ምን ሲሰራ እንደተባለ እዩ። ሁልጊዜ ደሞዝ በተከፈለ ማግስት ከሆነ የብር ነገር ነው፣ ሁልጊዜ ሰኞ ጠዋት ከሆነ የማርፈድ ነገር ነው።

2ኛ፦ በሞቀበት አትግቡ፣ ግን ብዙ አታቆዩት

ትንሽ ግራ ያጋባል አውቃለሁ። ለማለት የፈለግኩት ሰው እየጮኸ ስለ ፍትህ ማውራት አይቻልም፣ በዚያች ሰአት የሚያስፈልገው መለየት ብቻ ነው። እኛ ጋ ደግሞ የተናደደ ሰው እጁ ላይ ግራይንደር ወይ የብየዳ ፒንሳ አለ፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ስራ ቆጣሪውን ማጥፋት ነው። መብራት ጠፋ ሲባል ሁሉም ቁጭ ይላል። አንዱን እቃ ግዛልን ብላችሁ ወደ ገበያ ላኩት፣ ሌላውን እዚያው ስራ አስይዙት። ማን ልክ ነው ማን ጥፋተኛ ነው የሚለውን ያን ቀን አፋችሁ ላይ እንዳታመጡት።

ቴሌግራም ግሩፑን ለዚያ ቀን ዝም አሰኙት፣ አድሚኑ መልእክት መላክ ይዝጋው። ስልክ ላይ የተጻፈ ነገር ካፍ ከወጣ አፋፍ ከሚባለው ይብሳል፣ ስክሪንሾት አለ፣ ለሚስት ይላካል፣ ለአማች ይላካል፣ ሁለት ሰው የነበረው ጠብ አስራ ሁለት ሰው ይሆናል።

ግን ሶስት ቀን አታሳልፉት። ሶስት ቀን የኔ ገደብ ነው፣ ከሶስት ቀን በኋላ ሁለቱም ታሪኩን ለሌላ ሰው ነግረው ጨርሰዋል፣ በነገሩት ቁጥር ደግሞ ራሳቸው ንጹህ ሌላው ሰይጣን እየሆነ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ የሚያፍሩት በናንተ ፊት ሳይሆን ያንን ታሪክ በሰማው ሰው ፊት ነው።

3ኛ፦ ለየብቻ ስሙ

ሁለቱን ባንድ ላይ ማስቀመጥ መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ አንዱን ብቻውን፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ በተቻለ መጠን በአንድ ቀን ውስጥ፣ "እሱን ቀድሞ አናገረው" የሚል ሌላ ቅያሜ እንዳይጨመር። ቦታው ቢሮ አይሁን፣ አረቄ ቤትም አይሁን። አረቄ ቤት ሰው የሆዱን ይነግርሃል የሚሉ አሉ፣ ይነግርሃል፣ ግን ጠዋት ያፍርበታል ከዚያ አንተንም ይሸሽሃል። ቡና የሚፈላበት ቦታ ወይ ደግሞ በእግር እየሄዱ ማውራት ይሻላል፣ እየሄደ የሚያወራ ሰው አይን ለአይን ስለማይተያይ ይቀለዋል፣ እኔ ብዙውን ነገር የሰማሁት ከሼዱ እስከ መናኸሪያ ባለው መንገድ ላይ ነው።

ታላቃችሁ ከሆነ ጋሼ ብላችሁ፣ እኩያ ከሆነ ወንድሜ ብላችሁ ጀምሩ፣ ሴት ከሆነች እታለም ወይ እንደ እድሜዋ እትዬ። የማዕረግ ነገር ቀላል አይምሰላችሁ፣ በመጀመሪያው ቃል ነው ሰው የሚከፈተው ወይ የሚዘጋው።

ጥያቄዎቹ አጭር ይሁኑ። ለምን ተጣላህ አትበሉት፣ ለምን ሲባል ሰው ጠበቃ ይሆናል። ይልቅ እንዲህ ብሎ መጠየቅ ነው፦ መጀመሪያ ቅር ያለህ ቀን ምን ሆነ? ያኔ ለሱ ነግረኸዋል? አሁን ምን ቢሆንልህ ነው ነገሩ አለቀ የምትለው? ሶስተኛዋን ሲጠየቁ ብዙዎቹ ዝም ይላሉ፣ አስበውት አያውቁም። ዝም ሲሉ አትሙሉላቸው፣ ጠብቁ። በመጨረሻ የሚመጣው መልስ ብዙ ጊዜ በጣም ትንሽ ነገር ነው የሚሆነው።

አንዲት የማውቃት ልጅ ያለችበት እንጀራ የሚያቀርቡ ሴቶች ነበሩ ደብረ ማርቆስ፣ ስምንት ናቸው፣ አንዷ ሁልጊዜ አርፍዳ ትመጣለች ብለው ሊያስወጧት ደረሱ። ማንም ለብቻዋ አልጠየቃትም። ስትጠየቅ ለካ የሚጠባ ልጅ አላት፣ አስር ሰአት ሌሊት ተነስታ ምጣድ ላይ መድረስ አትችልም፣ ለማለት ደግሞ አፈረች፣ ሰነፍ ናት እንዳይሏት ፈርታ ዝም ስትል ጭራሽ ሰነፍ ተባለች። አሁን ጠዋት አትመጣም፣ ማታ ሊጥ ታቦካለች፣ እቃ ታጥባለች፣ ተስማሙ። እርቅም አላስፈለገውም፣ ተራ ማስተካከል ብቻ።

የሰማችሁትን ከአንዱ ወደ አንዱ አታመላልሱ። "እሱ እኮ እንዲህ አለህ" ያለ አስታራቂ ነገረኛ ነው። ሊነገር የሚገባው ነገር ካለ "ይሄንን እሱ ባለበት ትናገረዋለህ ወይስ ልናገረው?" ብላችሁ ፈቃድ ያዙ።

4ኛ፦ ደብተሩ

እዚህ ነው ዋናው ነገር። ሁለቱን ከሰማችሁ በኋላ እና ፊት ለፊት ከማገናኘታችሁ በፊት መረጃውን ሰብስቡ። ደብተር፣ ደረሰኝ፣ የቴሌብር መልእክት፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የስራ ተራ፣ ማን መቼ ገባ። ሊቆጠር የሚችለው ነገር ሁሉ ይቆጠር፣ ምክንያቱም የሚቆጠረው ነገር ሲጣራ የሚቀረው የስሜት ነገር ከጠበቃችሁት በታች ይሆናል።

ወንፈል አስቡ። ገበሬው በወንፈል ሲሰራ አንድ ቀን ለአንድ ቀን ነው፣ በሬ ላበደረ በሬ ይመለስለታል፣ ቆጠራው በሰው ሁሉ ጭንቅላት ውስጥ ስላለ ጭቅጭቁ ትንሽ ነው። እቁብም እንደዛው፣ ዳኛ አለ፣ ጸሃፊ አለ፣ እጣ አለ፣ ቀድሞ የወሰደ ዋስ ይጠራል። እድራችን ደግሞ መተዳደሪያ ደንብ አለው፣ ቀብር ላይ የቀረ ይቀጣል። እንግዲህ ለመቀበሪያችን ደንብ ጽፈን ለመስሪያችን ሳንጽፍ ነው የምንሰራው፣ "ወንድማማች ነን ምን ያጣላናል" እያልን።

መራዊ አካባቢ ያለ የአክስቴ ልጅ ቆጋ ላይ ያለማል። የቆጋ ግድብ ወደ 7000 ሄክታር የሚያለማ ነው፣ ውሃው በቦይ ተከፋፍሎ በተራ ነው የሚደርሰው። እነሱ ቦይ ላይ በየአመቱ የሌሊት ተራ ያጣላቸው ነበር፣ አንዱ ስድስት ሰአት ነው ይላል አንዱ ስምንት። ያስታረቃቸው አንድ ወረቀት ነው፣ ስምና ሰአት ተጽፎበት ውሃውን በተራ የሚያከፋፍለው የውሃ አባት ኪስ ውስጥ የሚቀመጥ። ከዚያ ወዲህ የሚጣላው ሰው ከወረቀቱ ጋር ነው የሚጣላው።

ስትቆጥሩ ሶስት ነገር ለይታችሁ ያዙ። አንደኛ ብር፣ ማን ተቀበለ፣ ማን አወጣ፣ ደረሰኝ አለው ወይ። ሁለተኛ ጉልበት፣ ማን ስንት ሰአት ምን ሰራ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፣ ሂሳብ የሚይዘው ልጅ ወንበር ላይ ስለተቀመጠ አልሰራም ማለት አይደለም፣ ግብር ቢሮ ተሰልፎ የዋለበት ቀን ማንም አይቆጥርለትም። ሶስተኛ እቃ፣ የግል እቃ ወደ ማህበሩ ገብቶ ከሆነ የማን ነው የሚለው። የኛ ግራይንደር በያጁ ከቤቱ ያመጣው ነበር፣ ሶስት ጊዜ ካርቦኑን በማህበሩ ብር ቀይረንለታል፣ ታዲያ የማን ነው? አልጻፍነውም። ሲቀር ይዞት ሄደ፣ እሱ የኔ ነው ብሎ ነው፣ እኛ ሌባ አልነው።

ስለ ቀብዱም ልንገራችሁ። ከሁለት አመት በኋላ ነው የሰማነው፣ ጎደለ የተባለው 500 ብር ኤሌክትሮድና ዲስክ ተገዝቶበት ነበር። ለራሳችን ስራ! በያጁ ደረሰኝ ስላልያዘ አፈረ፣ "ደረሰኝ የለኝም ግን ገዝቻለሁ" ከሚል ሙሉውን ሰጥቻለሁ ብሎ ድርቅ አለ። ያን ቀን አንድ ሰው መጋዘን ገብቶ ኤሌክትሮዱን ቢቆጥር ኖሮ ያኔውኑ ይገኝ ነበር።

5ኛ፦ ፊት ለፊት

ማን ይምራው? ከግሩፑ ውስጥ ሁለቱም የሚያምኑት ሰው ካለ እሱ፣ ከሌለ ከውጪ። የአንዱ ዘመድ፣ የአንዱ አበልጅ፣ ብር ያበደረ ሰው አይሆንም። አለቃ ከሆናችሁ ደግሞ እና አንደኛው ወገን የናንተ ውሳኔ ላይ ቅሬታ ካለው እናንተ ዳኛም ተከሳሽም መሆን አትችሉም፣ ሌላ ሰው አምጡ። ሽማግሌ መጥራት ጥሩ ነው፣ እኔ አልቃወምም፣ ግን ስራውን የሚያውቅ አንድ ሰው አብሮ ይቀመጥ፣ ቀብድ ምን እንደሆነ፣ ላሜራ በስንት እንደሚገባ የማያውቅ አባት የሚቀረው ምክር መምከር ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ ከመቀመጣቸው በፊት ያጣራችሁትን ሂሳብ አሳዩዋቸው።

እንጅባራ ላይ በየአመቱ ጥር 23 በአላቸውን የሚያከብሩት የአገው ፈረሰኞች ማህበር አሉ አይደል፣ እነሱ የአባሎቻቸውን ጠብ ራሳቸው ማህበሩ ውስጥ ይዳኛሉ። ደስ የሚለኝ ነገር አባሉ ሲገባ ጀምሮ ብጣላ ማን ፊት እንደምቀርብ ያውቃል። እናንተም ጠብ ሳይመጣ "ከተጣላን እገሌ ይስማን" ብላችሁ ብትወስኑ ግማሹን ስራ ጨረሳችሁ።

አቀማመጥ፦ ፊት ለፊት አታፋጧቸው፣ ጎን ለጎንም አይሁን፣ ገደድ አድርጋችሁ፣ መሃል ላይ ደብተሩ ይቀመጥ። ሁሉም ሰው አይን የሚያሳርፍበት ነገር ሲኖር ይሻላል። ስልክ ይጥፋ። ሰአቱ ከምሳ በኋላ ይሁን፣ የራበው ሰው አይታረቅም፣ ጾም ከሆነ ደግሞ ከተፈታ በኋላ።

ህጉ አንድ ነው፣ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፣ ሲጨርስ ሌላው የራሱን ከመናገሩ በፊት የሰማውን ይደግማል። "አንተ ያልከው ቀብዱን ሙሉ ሰጥቻለሁ ነው፣ ልክ ነኝ?" እንዲህ። መጀመሪያ ያስቃል፣ የህጻን ጨዋታ ይመስላል፣ ግን ሰው የራሱ ነገር ከጠላቱ አፍ ሲወጣ ሲሰማ ትከሻው ይወርዳል፣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ቃላት ላይ፦ "ሁልጊዜ"፣ "ድሮም"፣ "አንተ እኮ" የሚሉትን አስቁሙ። "አንተ ድሮም ሌባ ነህ" ከተባለ ስብሰባው አለቀ። በሱ ፈንታ ቀንና ቁጥር ይነገር፣ "ማክሰኞ ለት 4000 ነው ብለኸኝ ደብተሩ ላይ 3500 ሁኖ አገኘሁት፣ ስጠይቅህ ዘጋኸኝ፣ ያኮረፍኩት ለዛ ነው" ቢባል መልስ ያለው ነገር ነው። ዘር፣ ቤተሰብ፣ ሃይማኖት፣ የሰውነት ነገር ከተነሳ እዚያው አቋርጡና ለሌላ ቀን ቅጠሩ፣ እንዳልሰማ አታልፉት።

አንዱ ካለቀሰ ወይም ተነስቶ ከወጣ አታባርሩት፣ አንድ ሰው ብቻ ይከተለው፣ አስር ደቂቃ ስጡት። የወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ በር ላይ ቆሞ እንዲጠሩት እየጠበቀ ነው።

6ኛ፦ ጻፉት፣ ከዚያ ይቅርታ

የተስማማችሁበትን ባንድ ገጽ ጻፉ። "ከእንግዲህ ተከባብረን እንሰራለን" ብሎ መጻፍ ወረቀት ማበላሸት ነው። ሰው ነገ ጠዋት ተነስቶ ሊያደርገው የሚችል ነገር ይጻፍ። ለምሳሌ እኛ አሁን ያለን፦ ቀብድ የሚቀበለው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱ ከሌለ በማህበሩ ሂሳብ ቁጥር ይገባል፣ በእጅ የመጣ ቀብድ እዚያው ቀን እስከ 11 ሰአት ይጻፋል ሰጪም ተቀባይም ይፈርማሉ፣ ያለደረሰኝ የተገዛ እቃ ካለ ገዢው ከሌላ አንድ አባል ጋር ሁኖ እቃውን አሳይቶ ያስመዘግባል፣ ማንም ሌባ አይባልም። የመጨረሻዋን ሲጨምሯት ስቄ ነበር፣ አሁን ግን በጣም የሰራችው እሷ ናት።

ቀን ይኑረው፣ ሁለቱም ይፈርሙ፣ ሁለት ምስክርም ይፈርሙ። የምስክሩን ቁጥር ከራሴ አላመጣሁትም፣ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ህግ አንቀጽ 1727 በጽሁፍ መደረግ አለበት ለሚባል ውል ሁለት ምስክር ይፈልጋል፣ ስለዚህ መልመዱ አይከፋም። እርቅም ቢሆን የራሱ ህግ አለው፣ የግልግል ዳኝነትና የእርቅ አሰራር አዋጅ ቁጥር 1237/2013 የወጣው ለዚህ ነው፣ ብሩ ከበድ ካለ ህግ አዋቂ አንድ ጊዜ ቢያየው ጥሩ ነው።

ይቅርታው እዚህ ጋ ነው የሚመጣው፣ ከፊርማው በኋላ። "አስቀይሜህ ከሆነ ይቅርታ" የሚባለው ይቅርታ አይደለም፣ "ከሆነ" ያለ ሰው አላደረግኩም እያለ ነው። ያደረጉትን በስሙ መጥራት ነው፣ "ሰው ፊት ሌባ ስላልኩህ ይቅርታ"፣ "ደረሰኝ ሳልይዝ ስለዋሸሁህ ይቅርታ"። ሰው ፊት የሰደበ ሰው ፊት ይቅርታ ይጠይቅ፣ በጓዳ ተሳድቦ ከሆነ በጓዳ። ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ መውደቅ ለደም ነገር የሚሆን ነው፣ ለ500 ብር ሰው አታንበርክኩ፣ የተንበረከከው ሰው ውርደቱን አይረሳም። ከዚያ ቡና ይፈላ፣ አብሮ መብላት ካለም ይበላ፣ ይሄ ነገር ዋጋ አለው፣ እኔ የምለው ቦታውን አይቅደም ነው።

7ኛ፦ ከሁለት ሳምንት በኋላ

ቀን ያዙና ወረቀቱን አውጥታችሁ አንድ በአንድ እዩት። ይሄ ተፈጽሟል? ይሄስ? አስራ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኛ መጀመሪያ የወደቅነው እዚህ ጋ ነው፣ ታረቁ ብለን ረሳናቸው። የተሳሳሙ ሰዎች ደግሞ ሁለተኛ ቅር ሲላቸው ለመናገር ይበልጥ ያፍራሉ፣ "ትላንት ታርቆ ዛሬ ደገመ" እንዳይባሉ። ስለዚህ እናንተ ጠይቋቸው። ሁለቱን ቶሎ ባንድ ከባድ ስራ ላይ አታጣምሯቸው፣ መጀመሪያ አጭር ስራ ስጧቸው፣ አንድ መስኮት፣ ግማሽ ቀን።

ሽምግልና የማይገባበት

እጅ ከተሰነዘረና ሰው ከተጎዳ፣ ሴት ልጅ ላይ ወሲባዊ ትንኮሳ ከተደረገ፣ ስርቆቱ በማስረጃ ከታወቀ፣ አንተም ተው አንቺም ተይ የሚባል ነገር የለም። ትንኮሳ ላይ በተለይ፣ "የቤታችን ጉድ አይውጣ" እያላችሁ ልጅቷን አታስታርቁ፣ ለፖሊስም ለሚመለከተውም አካል መሄድ መብቷ ነው። ተቀጣሪ ከሆናችሁ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 14 ትንኮሳን ይከለክላል፣ አንቀጽ 27 ደግሞ በስራ ቦታ አምባጓሮ ማንሳትን እንደ ነገሩ ክብደት ያለማስጠንቀቂያ ከሚያሰናብቱ ጥፋቶች ውስጥ ይቆጥረዋል። ይሄንን ሰራተኛው ቀድሞ ቢያውቀው ቡጢ የሚሰነዝረው ይቀንሳል።

መለያየት ካለባችሁ

አንዳንዱ ጠብ አይፈታም፣ ያ ማለት ግን ተጣልቶ መለያየት ግዴታ ነው ማለት አይደለም። ሁለት ጥሩ ሰዎች አብረው መስራት ላይችሉ ይችላሉ፣ ተመራርቆ መለያየት ይቻላል። ብድር በቡድን ዋስትና ካለባችሁ ግን የሚወጣው ሰው ድርሻ ማን ላይ እንደሚዞር ከአበዳሪው ጋር ሳትነጋገሩ "እሺ ሂድ" እንዳትሉ፣ ዋስትናው በቃል አይፈርስም። እቃ ቆጥራችሁ ተፈራረሙ፣ ያልተከፈለ የደንበኛ ስራ ማን ይጨርሰዋል፣ ዋስትና የተሰጠበት በር ቢበላሽ ማን ይጠግነዋል፣ እሱንም ጻፉ።

እና የባንክ ፊርማ። ሂሳባችን የሚንቀሳቀሰው በሶስት ሰው ፊርማ ነበር፣ አንደኛው የሄደው ሂሳብ ያዥ ነው፣ እሱ ባህር ዳር ገብቷል፣ ስልክ አያነሳም። ለላሜራ መግዣ ያስቀመጥነውን ብር እያየነው ማውጣት አቃተን፣ ደንበኛ በሩን እየጠየቀ። በመጨረሻ አንደኛው ሽማግሌ ናቸው ባህር ዳር ድረስ በሚኒባስ ሄደው ይዘውት የመጡት፣ መጣ፣ ፈረመ፣ ከማናችንም ጋር አልተጨባበጠም። ስለዚህ የመለያያውን ወረቀት የምትፈራረሙት ጠዋት ይሁን፣ ባንኩ ሳይዘጋ ሁላችሁም አብራችሁ ሂዱና ፊርማውን እዚያው ቀን ቀይሩት፣ ማህተሙንም የዛኑ ለት ተረከቡ።